ካናዳ ወይስ አሜሪካ? ቤተሰብ ይዞ ለሚወስን ሰው የሁለቱ አገሮች ማነጻጸሪያ

ከዲትሮይት ድልድዩን ተሻግሮ ዊንዘር የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚያየው ልዩነት እምብዛም ነው። የፍጥነት ምልክቱ በኪሎ ሜትር፣ ሙቀቱ በሴልሺየስ ይሆናል፤ መኪናው፣ ገበያው፣ ቋንቋው፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ያው ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚያሳስተውም ይኸው መመሳሰል ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ሰው ሲታመም፣ ከሥራ ሲሰናበት፣ ልጅ ሲወለድ፣ እናትን ከአገር ቤት ለማምጣት ሲታሰብ፣ ወይም በቀጥታ ስርጭት የተነገረ ነገር ፖሊስ ዘንድ ሲደርስ ነው።

ይህ መመሪያ ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ አንድ ዘመድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዳላስ ሌላ ዘመድ ኖሯቸው «የቱ ይሻለናል?» ለሚሉ፣ እንዲሁም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ለሚያስቡ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የገንዘቡ መጠን በየአገሩ ዶላር ነው፤ የካናዳው ዶላር ከአሜሪካው ያነሰ ዋጋ እንዳለው ሲያሰሉ አይዘንጉ።

በምን እንመዝን?

«የትኛው ሕዝብ ደግ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለውሳኔ አይረዳም፤ ደጉም ክፉውም በሁለቱም አገር አለ። ለቤተሰብ የሚበጁት መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው።

1. ክፉ ቀን ሲመጣ ወጪው በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል?
2. ወላጅን፣ ወንድምንና እህትን ማምጣት ይቻላል?
3. የመኖሪያ ፈቃዱ በምን ይጠፋል? ዜግነቱስ በስንት ጊዜ ይገኛል?
4. ሥልጣን እንዴት ይለወጣል? የአንድ ማኅበረሰብ ድምፅ የት ይሰማል?
5. በንግግር፣ በእምነትና በቋንቋ ላይ ሕጉ ምን ይላል?
6. ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ በምን ጠባይ ይቀርባል?

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ይያዝ፤ ስቴቱና ፕሮቪንሱ አንዳንዴ ከአገሩ ይበልጣሉ። ቴክሳስና ሜሪላንድ፣ ኬቤክና አልበርታ ለነዋሪያቸው የተለያየ አገር ያህል ናቸው።

መነሻቸው

አሜሪካ በ1776 የነጻነት መግለጫዋ «ሕይወት፣ ነጻነትና ደስታን መሻት» የሰው መብት ነው አለች። የካናዳ የ1867 ሕገ መንግሥት ደግሞ ፓርላማው «ለሰላም፣ ለሥርዓትና ለመልካም አስተዳደር» ሕግ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጠው። አንደኛው መንግሥትን የሚያጥር፣ ሁለተኛው መንግሥትን የሚያሰማራ አነጋገር ነው። እስከ ዛሬ አሜሪካዊው መንግሥት በኑሮው ሲገባበት ይቆጣል። ካናዳዊው በመንግሥት አገልግሎት ያማርራል እንጂ አገልግሎቱ ይቅር ሲባል አይስማማም። የጤና፣ የጦር መሣሪያና የታክስ ሕጋቸው የተለያየው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ክፉ ቀን ሲመጣ

በካናዳ የሐኪምና የሆስፒታል ወጪ ከታክስ ይከፈላል። በሳስካችዋን በቶሚ ዳግላስ መሪነት ተወጥኖ በ1962 የተጀመረው አሠራር በኋላ አገር አቀፍ ሆነ፤ አሁን የሚገዛው የ1984ቱ የካናዳ የጤና ሕግ ነው። ወላድም ሆነች ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጡ የሕክምና ሒሳብ አይቀርብላቸውም። ሥራ ቢያጡም ካርዱ ከእጃቸው አይወሰድም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቋሚ የቤተሰብ ሐኪም ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በደረሱበት ሳምንት በፕሮቪንሱ የመጠባበቂያ መዝገብ ይመዝገቡ፣ እስከዚያው ያለ ቀጠሮ በሚቀበሉ ክሊኒኮች ይታዩ። ሁለተኛ፣ ሕመሙ አጣዳፊ ከሆነ ይሮጡለታል፤ ጉልበት፣ ዳሌ ወይም የስፔሻሊስት ምርመራ ከሆነ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት፣ ጥርስና መነጽር ለብዙ አዋቂዎች በዚህ ካርድ አይሸፈኑም፤ ለእነዚህ የአሠሪ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ብሪትሽ ኮሎምቢያ አዲስ ነዋሪን የደረሰበት ወር እስኪያልቅና ከዚያም ሁለት ወር ያስጠብቃል። ኦንታሪዮ የሦስት ወር መጠበቂያዋን በ2020 አንሥታለች። መጠበቂያ ባለበት ፕሮቪንስ ለእነዚያ ወራት የግል ኢንሹራንስ ሳይገዙ አይግቡ።

በአሜሪካ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ከሥራ ጋር ይመጣል፣ ከሥራ ጋርም ይሄዳል። ሥራ የለቀቀ ሰው በኮብራ አሠራር የቀድሞውን ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 18 ወር ማቆየት ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው ይከፍል የነበረውንም ድርሻ ጨምሮ ሙሉውን ራሱ ይከፍላል። በ2010ሩ የጤና ሕግ (ኦባማኬር) በተቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ ለመግዛት ደግሞ ኢንሹራንሱ በተቋረጠ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ቀኑ ካለፈ ዓመታዊውን የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ሊመጣ ነው። ለዝቅተኛ ገቢ የታሰበውን ሜዲኬይድ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ፍሎሪዳ አላሰፉትም፤ በእነዚህ ስቴቶች ልጅ የሌለው ድሃ አዋቂ ብዙ ጊዜ ያለ ሽፋን ይቀራል። አብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ ደግሞ ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት መቆየት አለበት።

ድንገተኛ ክፍል ግን አይመልስም። በ1986 የወጣ ሕግ ሆስፒታሎች የመክፈል አቅም ሳይጠይቁ አጣዳፊውን እንዲመረምሩና እንዲያረጋጉ ያዛል። ሒሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ሲመጣ ወዲያው አይክፈሉ። መጀመሪያ ዝርዝር ሒሳብ ይጠይቁ፣ ቀጥለው ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ የገንዘብ እርዳታ ቅጽ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ሆስፒታል የእርዳታ መመሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል።

ለወላጆች ልዩነቱ የሰፋ ነው። በካናዳ 600 ሰዓት የሠራች እናት 15 ሳምንት የወሊድ፣ ከዚያም ወላጆቹ የሚካፈሉት 40 ሳምንት የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ ታገኛለች። ክፍያው ጣሪያ ቢኖረውም የደመወዟን 55 በመቶ ያህላል። በአሜሪካ የ1993ቱ ፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፣ እሱም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው አሠሪ ዘንድ ዓመት ለሠራ ሰው። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ክፍያ ጨምረውበታል። የካናዳ የልጅ ድጎማ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 7,997 ዶላር ነው፤ በየወሩ ይገባል፣ ገቢ ሲጨምር ይቀንሳል። ሁለቱም ባለትዳሮች በየዓመቱ ታክስ ካላስገቡ ይቆማል። አንዱ ገቢ የለውም ተብሎ ሳይሞላ መቅረቱ ነው በብዛት የሚያስቆመው።

ከሥራ መሰናበትም እንዲሁ ይለያል። ከሞንታና በቀር በአሜሪካ ስቴቶች አሠሪ ያለ ምክንያትና ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ የተከለከለው በዘር፣ በሃይማኖትና በመሰሉ ምክንያት ማባረር ነው። በኦንታሪዮ ሦስት ወር የሠራ ሰው ማስጠንቀቂያ ወይም ምትክ ክፍያ ይገባዋል፤ ዝቅተኛው በአገልግሎት ዓመት አንድ ሳምንት እየተባለ እስከ 8 ይደርሳል። «ፈርም» ሲባል ወዲያው አይፈርሙ። ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከዚህ ዝቅተኛ በላይ ይሰጣሉ።

በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ ገቢው አለ። በሶፍትዌር፣ በሕክምናና በፋይናንስ የአሜሪካ ደመወዝ ከካናዳው በሰፊው ይበልጣል። ቴክሳስ የስቴት ገቢ ግብር የላትም። በኦንታሪዮ ለሚገዙት ዕቃ 13 በመቶ፣ በአልበርታ 5 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይጨመራል። ሁለት የሥራ ጥሪ ሲያነጻጽሩ ከአሜሪካው ደመወዝ ላይ የዓመቱን የኢንሹራንስ መዋጮና በዓመት ከኪስ ሊወጣ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ይቀንሱ፣ ከካናዳው ላይ ከፍ ያለውን ግብር ይቀንሱ፣ ከዚያ የካናዳውን ወደ አሜሪካ ዶላር ይለውጡ። ይህን ሳያደርጉ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማየት ያሳስታል።

የቤት ብድሩም ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወለዱ ለ30 ዓመት የማይለወጥ ብድር የተለመደ ነው። በካናዳ ክፍያው በ25 ዓመት ተሰልቶ የወለድ ውሉ ግን ብዙ ጊዜ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ወለድ በናረበት ዓመት የሚያድስ ቤተሰብ የወር ክፍያው ድንገት ይጨምርበታል። ባንኩም ሲፈቅድ ከውሉ ወለድ 2 በመቶ ጨምሮ መክፈል መቻልዎን ይፈትናል።

ወላጅና ወንድም እህት ማምጣት

«ካናዳ ለስደተኛ ትመቻለች» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይሰናከላል። አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ዕድሜው 21 የሞላው ሰው እናትና አባቱን ያለ ዓመታዊ ኮታ ማምጣት ይችላል። ለወንድምና ለእህትም ማመልከት ይችላል፤ ወረፋው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል። ካናዳ ውስጥ ለአዋቂ ወንድምና እህት በጠቅላላው የስፖንሰር መንገድ የለም። ለወላጆች ያለው ቁጥሩ የተወሰነ፣ በዕጣ የሚጋበዙበት ፕሮግራም ነው። ምትኩ ሱፐር ቪዛ ነው። ወላጅ በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል፣ ግን ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው አዛውንት መዋጮው የሚከብድ ነው።

ለትዳር ጓደኛ ካናዳ ቀለል ትላለች። ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ሰው ዜጋ ሳይሆን ሚስቱን ወይም ባሏን ስፖንሰር ያደርጋል፤ በአብዛኛው የገቢ ወለል አይጠየቅም። አሜሪካ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ ገቢ ወይም ተባባሪ ፈራሚ ትጠይቃለች።

ፊርማው እስከ ምን እንደሚያስር ይወቁ። በካናዳ ለትዳር ጓደኛ ሦስት ዓመት፣ ለወላጅ ከኬቤክ ውጭ 20 ዓመት ነው። በአሜሪካ የመጣው ሰው ዜጋ እስኪሆን ወይም አሥር ዓመት ያህል ሥራ እስኪመዘገብለት ድረስ ይቆያል። በሁለቱም አገር ፍቺ ግዴታውን አያፈርሰውም።

ሌላው ትልቅ ስህተት ልጅን ከቅጹ ላይ መተው ነው። ለካናዳ ፒአር ሲያመለክቱ ያልተገለጸና ያልተመረመረ ልጅ፣ አብሮ ባይሄድም እንኳ፣ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ በኋላ ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም። በዲቪ ማመልከቻም የትዳር ጓደኛን ወይም ልጅን አለመጻፍ ዕድሉን ያሰርዛል። ከሌላ ሰው የተወለደም ቢሆን፣ ከአያቱ ጋር አገር ቤት ያደገም ቢሆን ይጻፍ።

ጥገኝነት ጠያቂዎች ደግሞ ድንበሩን በጣም ይጠንቀቁ። ሁለቱ አገሮች ከዲሴምበር 2004 ጀምሮ የሚሠራ ስምምነት አላቸው፤ ሰው ጥገኝነት የሚጠይቀው መጀመሪያ በደረሰበት አገር ነው። ከማርች 25 ቀን 2023 ጀምሮ ይህ በመንገድም በጫካም በመላው የየብስ ድንበር ይሠራል፣ ተሻግሮ በ14 ቀን ውስጥ ያመለከተውም ይመለሳል። ካናዳ ውስጥ ሕጋዊ መቆያ ያለው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ አያት፣ አጎት ወይም አክስት ያለው ሰው ግን ከዚህ ሊወጣ ይችላል። ዝምድናውን የሚያሳይ የልደት ማስረጃ ከነትርጉሙ ሳይይዙ ወደ ድንበሩ አይቅረቡ፤ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ።

ወረቀቱ በምን ይጠፋል?

የካናዳ ፒአር ያዥ በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን በአገሩ መገኘት አለበት። ግሪን ካርድ ያዥ ከስድስት ወር በላይ ሲርቅ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ያለ መመለሻ ፈቃድ ዓመት ከቆየ ካርዱን እንደተወ ይቆጠራል። አገር ቤት ንግድ ለጀመረ ሰው የካናዳው ሰፋ ያለ ነው።

ዜግነት በካናዳ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን በአካል ተገኝቶ ይጠየቃል። በአሜሪካ አምስት ዓመት፣ ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር ለሚኖር ሦስት ዓመት ነው። ሁለቱም ጥምር ዜግነትን አይከለክሉም፤ የምትከለክለው ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ በየትኛውም በኩል ዜጋ የሆነ ሰው ለአገር ቤት ጉዳዩ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ ማውጣት ይጠበቅበታል።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ታክስ ነው። አሜሪካ ዜጎቿንና ግሪን ካርድ ያዦችን የትም ቢኖሩ ታክስ እንዲያስገቡ ታዛለች፣ ካናዳ ግን በኗሪነት ብቻ ትጠይቃለች። ዋሽንግተን ዜጋ ሆኖ ኤድመንተን የተዛወረ ሰው ለሁለቱም ይሞላል፤ የካናዳ ባንክ ሒሳቦቹ በድምሩ በዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር ካለፉ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ያስታውቃል። ሁለተኛው ካናቢስ ነው። በካናዳ ከኦክቶበር 17 ቀን 2018 ጀምሮ ሕጋዊ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ስቴት ቢፈቅደውም የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ማጨሱን ለድንበር ሹም ማመኑ ብቻ መግቢያ ሊያስከለክለው ይችላል። ሦስተኛው የምርጫ ምዝገባ ነው። በአሜሪካ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት በ1993ቱ ሕግ መሠረት መራጭም ይመዘግባል፤ ግሪን ካርድ ያዥ ሳያነብ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ካደረገ ዜግነቱን ሊያሳጣው፣ እስከ መባረርም ሊያደርሰው ይችላል።

ፖለቲካው እንዴት ይሠራል?

የካናዳ ርእሰ ብሔር ንጉሥ ቻርልስ ነው፤ በእሱ ስም እንደራሴዋ ትፈርማለች። ሥልጣኑ ያለው የፓርላማውን ድጋፍ በያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር እጅ ነው፣ ከማርች 2025 ጀምሮ ማርክ ካርኒ። በጀቱ ከወደቀ መንግሥቱ ይወድቃል፣ ምርጫ ይጠራል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ ለየብቻ ይመረጣሉ፤ ካልተስማሙ ማንም አይወድቅም፣ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ እንጂ። በ2025 መዝጊያ ላይ 43 ቀን ተዘግተዋል። ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያለ መዘጋት የለም። በአንጻሩ የካናዳ መንግሥት ፖሊሲን በፍጥነት መገልበጥ ይችላል። ለ2025 ታቅዶ የነበረውን 500,000 አዲስ ቋሚ ነዋሪ በኦክቶበር 2024 ወደ 395,000 አውርዶታል።

የምርጫ ዘመቻው በካናዳ ቢበዛ 50 ቀን ነው፤ ለፓርቲ የሚሰጠው ግለሰብ ብቻ ሲሆን በ2025 ጣሪያው 1,750 ዶላር ነበር። በአሜሪካ ዘመቻው ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ከ2010ሩ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ኩባንያዎችና ማኅበራት ከዕጩው ተነጥለው ያለ ጣሪያ ያወጣሉ። ቀለሙ አያሳስትዎ፤ በካናዳ ቀዩ ሊበራል፣ ሰማያዊው ወግ አጥባቂ ነው። በአሜሪካ ግን ቀዩ ሪፐብሊካን ነው።

ለማኅበረሰብ አቀንቃኞች ዋናው ልዩነት የፓርቲ ዲሲፕሊን ነው። የካናዳ የፓርላማ አባል አብዛኛውን ጊዜ ከፓርቲው ጋር ድምፅ ይሰጣል፤ ስለ ውጭ ጉዳይ የሚያመለክት ቡድን ሚኒስትሩን፣ የፓርቲውን አመራርና የፓርላማ ኮሚቴውን ቢይዝ ይሻለዋል። የአሜሪካ የኮንግረስ አባል ግን በራሱ ይቆማል፣ የወረዳውን መራጭ ይፈራል። በኤፕሪል 2018 ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ ያሳለፈው ውሳኔ 128 ዲያስፖራው በየወረዳው ቢሮ ለብዙ ወራት ባደረገው ጉትጎታ የታገዘ ነበር። የዘገየ የኢሚግሬሽን ፋይል ካለዎት ደግሞ በሁለቱም አገር የወረዳዎ ተወካይ ቢሮ በነጻ ይጠይቅልዎታል፤ ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

ከ2025 ወዲህ የካናዳውያን ስሜት ተለውጧል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቀረጥ ጥለው ካናዳን «51ኛ ስቴት» ካሉ በኋላ ፕሮቪንሶች የአሜሪካ መጠጥ ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ብዙ ሰውም ወደ ደቡብ የሚያደርገውን ጉዞ ሰረዘ። «ያው አሜሪካ ነው» የሚለውን ቀልድ አሁን በሥራ ቦታ አይሞክሩት።

ንግግር፣ እምነት፣ ቋንቋ፣ መሣሪያ

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የጥላቻ ንግግር እንኳ፣ ወዲያውኑ ሁከት የሚቀሰቅስ ወይም እውነተኛ ዛቻ ካልሆነ፣ አይቀጣም። በካናዳ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 319 በዘር፣ በትውልድ አገር ወይም በሃይማኖት በተለየ ቡድን ላይ ሆን ብሎ በአደባባይ ጥላቻን ማስፋፋት እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። ከቶሮንቶ ሳሎን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ በቀጥታ ስርጭት አንድን ብሔር የሚያጠለሽ ሰው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ቋንቋው ከሕግ አይሰውረውም። በጦርነቱ ዓመታት በየማኅበራዊ ሚዲያው የተለቀቀውን ላስታወሰ ሰው ይህ ልዩነት ክብደት አለው።

ካናዳ በ1971 የመድብለ ባህል ፖሊሲ አወጀች፣ በ1988 በሕግ አጸናችው፤ ሰው ባህሉን ይዞ ካናዳዊ ይሆናል የሚል ነው። አሜሪካ ሁሉም በአንድ ድስት ቀልጦ አንድ ሕዝብ ይሆናል ትላለች። በተግባር ግን የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የአገልግሎት ቋንቋ ሆኗል። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ደግሞ ሕጋዊ ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ብቻ ናቸው።

ኬቤክን ለብቻ ይመዝኑ። በ1977ቱ ሕግ የስደተኛ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ይማራል። በ2022ቱ ሕግ ደግሞ የፕሮቪንሱ መሥሪያ ቤቶች ከስድስት ወር በኋላ ከአዲስ መጤ ጋር፣ ከተለዩ ጉዳዮች በቀር፣ በፈረንሳይኛ ብቻ ይጻጻፋሉ። የ2019ኙ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በሥራ ላይ የእምነት ምልክት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ትርጉሙ ሒጃብንም፣ የአንገት መስቀልንም፣ ማተብንም ይነካል። መምህርት ሆና ማተቧን ለማትበጥስ ሴት ኦንታሪዮ ይሻላታል።

ስለ ትምህርት ቤት ካነሣን፣ በአሜሪካ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በከፊል ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሚመጣ አድራሻዎ የልጅዎን ትምህርት ይወስናል። ኦንታሪዮ በፕሮቪንስ ደረጃ ትመድባለች፤ ልዩነቱ የጠበበ ነው። በዚያው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ ይሠራሉ፤ አንደኛ ደረጃው ብዙ ጊዜ የጥምቀት ማስረጃ ይጠይቃል።

መሣሪያ በአሜሪካ የሕገ መንግሥት መብት ነው። በካናዳ ፈቃድና ሥልጠና ይጠይቃል፣ የሽጉጥ ሽያጭም ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ቆሟል። በቦርሳ የሚያዘው በርበሬ መርጫ እንኳ ለሰው መከላከያ ተብሎ ከተሠራ በካናዳ የተከለከለ መሣሪያ ነው፤ ከሜሪላንድ ለጥየቃ የምትሄድ እህት ድንበር ላይ እንዳትያዝ ቤቷ ትተወው። በአሜሪካ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም መሣሪያ ሊኖር ይችላል ብሎ ነው የሚቀርበው፤ እጅን መሪው ላይ አድርጎ መቆየት፣ ወረቀት ከማውጣት በፊት መናገር ይገባል።

ዘርን በተመለከተ ካናዳ ንጹሕ ናት ማለት ስህተት ነው። ሃሊፋክስ የጥቁሮችን መንደር አፍሪክቪልን በ1960ዎቹ አፍርሳ ይቅርታ የጠየቀችው በ2010 ነው። የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥቀው የተዘጉባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶችም በየዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ይታሰባሉ። በአሜሪካ ስለ ዘር በግልጽ ይነገራል፣ ይከሰሳል፣ ይመረጣል። በካናዳ ነገሩ በትሕትና ይሸፈናል፣ ለማረጋገጥም ይከብዳል።

የሰው ጠባይ

ካናዳዊ አለቃ «ሌላ መንገድም ብናይ ጥሩ ይመስለኛል» ሲል ብዙ ጊዜ «አልተቀበልኩትም» ማለቱ ነው። ይህ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን መስማት ነው። አሜሪካዊው ፊት ለፊት ይናገራል፣ በሥራ ቃለ መጠይቅም ራስዎን እንዲያሞግሱ ይጠብቃል፤ እዚያ ትሕትና እንደ አለማወቅ ይቆጠራል። «ሶሪ» በካናዳ ጥፋትን ማመን አይደለም። ኦንታሪዮ በ2009 ይቅርታ በፍትሐ ብሔር ክስ የጥፋት ማስረጃ እንዳይሆን በሕግ ደንግጋለች። ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ በካናዳ ደንብ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ካናዳ | አሜሪካ |
|---|---|---|
| ሕክምና | ከታክስ፤ ወረፋ አለው | ከሥራ ጋር፤ ፈጣን ግን ውድ |
| የወሊድ ፈቃድ | 15 + 40 ሳምንት በከፊል ክፍያ | 12 ሳምንት ያለ ክፍያ |
| ከሥራ ስንብት | ማስጠንቀቂያ ወይም ክፍያ | በአብዛኛው ያለ ማስጠንቀቂያ |
| የባለሙያ ደመወዝ | ዝቅ ያለ | ከፍ ያለ |
| የቤት ብድር | ወለዱ በ5 ዓመት ይታደሳል | ለ30 ዓመት ሊጸና ይችላል |
| ወላጅ ማምጣት | በዕጣ ወይም ሱፐር ቪዛ | ለዜጋ ያለ ኮታ |
| ወንድም እህት | መንገድ የለም | አለ፤ ከአሥር ዓመት በላይ |
| ዜግነት | 1,095 ቀን | 5 ወይም 3 ዓመት |
| የጥላቻ ንግግር | ወንጀል ሊሆን ይችላል | በአብዛኛው አይቀጣም |
| ታክስ ከአገር ውጭ | በኗሪነት | በዜግነትም |

ለማን የቱ?

ትናንሽ ልጆች ያሉት፣ ገቢው መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ፣ ወይም ኩላሊት፣ ልብ፣ ካንሰር የመሰለ ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርበት ቤት ካናዳን ያስቀድም። የቶሮንቶ ኪራይ ከከበደ ኤድመንተንና ዊኒፔግ በዋጋ ይሻላሉ፤ ብርዱ ግን ከባድ ነው።

በተፈላጊ ሙያ ያለ፣ ጤነኛና ጥሩ የአሠሪ ኢንሹራንስ የቀረበለት ሰው በአሜሪካ በፍጥነት ይቆጥባል። የስድስት ወር ወጪ በባንክ ካላስቀመጠ ግን አንድ ስንብት ሁሉን ይወስድበታል።

እናት አባቱን አጠገቡ ማድረግ የሁሉ መጀመሪያ የሆነለት ሰው፣ ግሪን ካርድ ካለው፣ ዜግነቱን ሳይወስድ ወደ ካናዳ አይዛወር። አንዴ ከወሰደ በኋላም ወላጆቹን የሚያስገባው አሜሪካ እየኖረ ወይም ሊኖርባት መመለሱን እያሳየ ነው።

የራሱን ሥራ ለሚጀምር፣ ትራክ ለሚገዛ ወይም ምግብ ቤት ለሚከፍት ሰው የአሜሪካ ገበያ ይሰፋል። የቤተሰቡ ሕክምና ከሥራ ጋር ያልታሰረበት ካናዳ ግን የመጀመሪያዎቹን የኪሳራ ዓመታት ያቀልለታል።

በሙያ መንገድ ወደ ካናዳ ለሚያመለክት ዕድሜ ወሳኝ ነው። ባለሙያዎች በነጥብ ተወዳድረው በሚጋበዙበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ አሠራር የዕድሜ ነጥብ ከ20 እስከ 29 ዓመት ሙሉ ነው፤ ከ30 ጀምሮ እየቀነሰ በ45 ዜሮ ይሆናል። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ዝቅ ባለ ነጥብ የሚጋበዝበት ዙር አለ። በካናዳ የሥራ ልምድ መደብ የማያመለክት፣ የካናዳ የሥራ ፈቃድና የሥራ ጥሪም አንድ ላይ የሌለው አመልካች የገንዘብ ማረጋገጫ ያቀርባል፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው 15,263፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 28,362 ዶላር ነው። በየዓመቱ ስለሚለወጥ በማመልከቻው ቀን ያለውን ያረጋግጡ። ገንዘቡ ለስድስት ወር በሒሳብዎ የነበረ ይሁን፤ ከዘመድ ተበድሮ ለአንድ ሳምንት የገባ ብር ማመልከቻውን ይጥለዋል።